ለትንንሽ ልጆች የሚመጥን ቅርጫት ኳስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

የዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ አምድ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ተሰጥቷል። ሕፃናትን በበጎ ፈቃድ ሰብስበው ቅርጫት ኳስ የሚያጫውቱ መምህራን፣ ወላጆችና የቀድሞ ተጫዋቾች ከላኳቸው ደብዳቤዎች መካከል ተመሳሳይ ይዘት ያላቸውን አጣምረንና አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት ትተን አቅርበናል። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙዎቹን ችግር በአንድ ላይ የያዘ በመሆኑ መልሱን ረዘም አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። በወጣትነቴ ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ከ6 እስከ 11 ዓመት የሚሆናቸውን 24 ልጆች በሳምንት አንድ ቀን በነጻ አሠለጥናለሁ። ያለን አንድ ሜዳ፣ በአዋቂ ከፍታ የተተከሉ ሁለት ቅርጫቶችና ስምንት ትልልቅ ኳሶች ናቸው። እኔ በተማርኩበት መንገድ ልጆቹን በሁለት ሰልፍ አቁሜ በየተራ እንዲያነጥሩና እንዲወረውሩ አደርጋለሁ፤ በመጨረሻም አምስት ለአምስት አጫውታቸዋለሁ። ይሁን እንጂ ትንንሾቹ ኳሱን ቅርጫቱ ጋ ማድረስ አይችሉም፤ በሰልፉ ላይ ይገፋፋሉ፤ በጨዋታው ጊዜ ደግሞ ሁለት ሦስት ልጆች ኳሱን ይዘው ሲሮጡ የቀሩት ቆመው ያያሉ። የሚመጡት ልጆች ቁጥርም እየቀነሰ ነው። ምን ማድረግ ይሻለኛል?

መልስ፦ በደብዳቤዎ የጠቀሷቸው ችግሮች፣ ማለትም ኳሱ ቅርጫቱ ጋ አለመድረሱ፣ በሰልፍ ላይ የሚፈጠረው መገፋፋትና የብዙዎቹ ቆሞ ማየት፣ የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው ብለን እናምናለን፤ ጨዋታው ለልጆቹ የቀረበላቸው ለአዋቂ በተለካው መጠን ነው። ስለዚህ የልጆቹን ችሎታ ለማሳደግ ከመድከምዎ በፊት ቅርጫቱን፣ ኳሱን፣ ሜዳውንና የተጫዋቾቹን ብዛት ወደ እነርሱ ልክ ያውርዱ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የማሠልጠን ሥራ ከሚያስቡት በላይ ይቀልልዎታል።

ከቅርጫቱ እንጀምር። ጄምስ ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ይህን ጨዋታ ሲፈጥር ሁለቱን የኮክ ማስቀመጫ ቅርጫቶች ያንጠለጠላቸው በስፖርት አዳራሹ ሰገነት መደገፊያ ላይ ነበር። መደገፊያው ከወለሉ 10 ጫማ፣ ማለትም 3.05 ሜትር ያህል ከፍ ይል ስለነበር ያ ከፍታ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቆየ። ከፍታውን የወሰነው የአንድ ሕንፃ አሠራር ሲሆን፣ ከሥሩ የተጫወቱት ተማሪዎችም ጎልማሳ ወንዶች ነበሩ። ልጅን በዚህ ልክ ማስጨነቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት እንደሌለ የስፖርቱ አስተዳዳሪዎችም ያውቁታል። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ለልጆች ባወጣው የሚኒ ባስኬትቦል ደንብ ቅርጫቱ በ2.60 ሜትር ላይ እንዲሰቀልና የነጻ ውርወራ መስመሩ ከሰሌዳው 4 ሜትር ብቻ እንዲርቅ ተደርጓል። የአሜሪካ የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው ኤንቢኤ ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር ጋር በጋራ ያወጣው መመሪያ ደግሞ ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጆች 2.44 ሜትር፣ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉት 2.74 ሜትር ይመክራል፤ 3.05 ሜትሩን የሚያመጣው ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አንድን የሰባት ዓመት ልጅ ከፍ ወዳለው ቅርጫት ትልቁን ኳስ ሲወረውር ጠጋ ብለው ይመልከቱት። ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ ከጉልበቱ በታች ያወርደዋል፤ ክርኖቹ ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ ከዚያም ወገቡን ወደ ኋላ ለጥጦ በመላ አካሉ ኳሱን ወደ ላይ ይሰድደዋል። ኳሱ ከእጁ በሚወጣበት ቅጽበት ዓይኑ ቅርጫቱን አያይም። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ያለው አቅም የፈቀደለትን ብቸኛ መንገድ አግኝቷል። ችግሩ ይህንኑ መንገድ ደጋግሞ በማድረግ ስለሚለማመደውና በኋላ አቅም ሲኖረው እንኳ ስለማይተወው ነው። ያው ልጅ ዝቅ ባለ ቅርጫት ሥር ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ በትንሽ ኳስ ሲወረውር ክርኑን ከኳሱ ሥር አስገብቶ ከግንባሩ በላይ ይለቃል፤ ይህንንም ለማድረግ ብዙ ምክር አይፈልግም።

ኳስን በተመለከተ፣ ጎልማሳ ወንዶች የሚጫወቱበት ቁጥር 7 ኳስ ወደ 600 ግራም ይመዝናል፤ ዙሪያውም 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሚኒ ባስኬትቦል የሚያገለግለው ቁጥር 5 ኳስ ከ500 ግራም በታች ሲሆን ዙሪያው ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጆች ከዚህም ያነሱት ቁጥር 4 እና ቁጥር 3 ይስማሟቸዋል። ፕሮግራምዎ ገንዘብ ካገኘ ከማልያ በፊት ትንንሽ ኳሶችን ይግዙ። እስከዚያው ግን ለማንጠር ልምምድ በደንብ የሚነጥር ማንኛውም የላስቲክ ኳስ ስለሚበቃ ወላጆች ቤት ያለውን እንዲልኩ መጠየቅ ይቻላል። ቅርጫቱን ማውረድ ካልቻሉ በግድግዳ ላይ በሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ በኖራ የተሠራ ክብ ለውርወራ ልምምድ ጥሩ ዒላማ ነው። ተንቀሳቃሽ ቋሚ ካገኙ መሠረቱ በአሸዋ ወይም በውኃ ተሞልቶ እንዳይወድቅ መደረጉን በየጊዜው ያረጋግጡ፤ ማንም ልጅ በቀለበቱ ላይ እንዳይንጠለጠልም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥብቅ ሕግ ይሁን።

ቀጥሎ ሰልፉ ይፍረስ። ሒሳቡን እንሥራው፤ በአንድ ሰልፍ 12 ልጆች ካሉና አንዱ ሙከራ አሥር ሰከንድ ቢወስድ፣ እያንዳንዱ ልጅ ተራው እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥም ኳስ የሚነካው አምስት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ሥራ ፈቶ የቆመ የሰባት ዓመት ልጅ ጎረቤቱን ቢገፋ ልንደነቅ አይገባም። ሃያ አራቱን ልጆች በስድስት በስድስት ከፍለው በሜዳው አራት ማዕዘኖች ያሰማሯቸው፤ አንዱ ቡድን ሲያነጥር፣ ሌላው በግድግዳው ክብ ላይ ሲወረውር፣ ሦስተኛው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲቀባበል፣ አራተኛው ኳስ ሳይዝ የመሮጥ፣ ድንገት የመቆምና አቅጣጫ የመቀየር ጨዋታ ሲጫወት፣ በየስድስት ወይም በየሰባት ደቂቃው ቦታ ይለዋወጡ። ለዚህ ከእርስዎ ሌላ ሁለት ሦስት አዋቂዎች ያስፈልጋሉ፤ የቅርጫት ኳስ ዕውቀት ግን የግድ አይደለም። ልጁን ለማምጣት መጥቶ ዳር ላይ የሚቀመጠው ወላጅ አንድ ማዕዘን ለመጠበቅ ይበቃል።

ከተቻለ ደግሞ ልጆቹን በዕድሜ ለሁለት ከፍለው በተለያየ ሰዓት ያምጧቸው። ከላይ የጠቀስነው የአሜሪካ መመሪያ ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ የሚቆይ ልምምድን በቂ ያደርገዋል። ልምምዱን በማብራሪያ አይክፈቱት፤ ልጁ ደርሶ ቦርሳውን እንዳስቀመጠ ኳስ ያንሳ። ለማሟሟቂያ የሚሆን አንድ ጨዋታ እነሆ። እያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ጨርቅ ግማሹ እንዲታይ አድርጎ በቁምጣው ጎን ይሸጉጣል፤ ከዚያም ኳሱን እያነጠረ የሌሎችን ጨርቅ ለመንጠቅ፣ የራሱንም ላለመነጠቅ ይሯሯጣል። ኳሱን የሚያየው ልጅ ጨርቁን ስለሚያጣ ቀና ብሎ ማንጠርን ማንም ሳይነግረው ይማረዋል፤ ኳሱንና ነጣቂውን በሰውነቱ መለየትንም እንዲሁ። እዚህ ላይ አጥብቀን የምንመክረው አንድ ነገር አለ፤ ጨርቁን የተነጠቀ ልጅ ከጨዋታ አይውጣ። ተሸናፊውን የሚያስወጡ ጨዋታዎች ይበልጥ መለማመድ የሚገባውን ልጅ ቀድመው ዳር ያስቀምጡታል። የተነጠቀው ሌላ ጨርቅ ከእርስዎ ወስዶ ይመለስ።

የመጨረሻውን ሃያ ደቂቃ ለጨዋታ ያውሉት፤ ነገር ግን አምስት ለአምስት መሆኑ ይቅር። በአንድ ቅርጫት ሦስት ለሦስት ሲጫወቱ ኳሱ ለአምስት ሳይሆን ለሦስት ልጆች ይደርሳል፤ የሚደበቅበት ቦታም የለም። በሁለቱ ቅርጫቶች 12 ልጆች ሲጫወቱ የቀሩት 12 በየማዕዘናቸው ይለማመዱና በየአምስት ደቂቃው ይለዋወጡ። ለትንንሾቹ ሕጉን ያላሉላቸው፤ ልጁ ኳስ ይዞ የተራመደውን፣ ጥቅም ያላስገኘለትን ተጨማሪ እርምጃ በፊሽካ አያስቁሙ፤ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ኳስን ከሚያነጥር ልጅ እጅ መንጠቅን ይከልክሉ፤ ነጥብ መቁጠሩንም ለእነርሱ ይተዉላቸው፤ አይጠራጠሩ፣ ይቆጥሩታል። ኳሱን ይዘው የሚሮጡት ሁለት ሦስት ልጆችን በተመለከተ መፍትሔው ከናይስሚዝ ዘንድ ይገኛል። በእርሱ 13 የመጀመሪያ ሕጎች ኳስ የያዘ ተጫዋች ከቆመበት መንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ ማንጠር የተጨመረው በኋላ ነው። ማንጠር የሌለበትን ይህን ጨዋታ ለአምስት ደቂቃ ያጫውቷቸው፤ ጎበዙ ልጅ ወዳጆቹን ለመፈለግ ይገደዳል፤ ቆመው ያዩ የነበሩትም ኳስ ለመቀበል ወደ ባዶ ቦታ መሮጥ ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ በሰፈር ቡድን ውስጥ ይጫወታል። አሠልጣኙ ውድድር በመጣ ቁጥር ረጃጅሞቹንና ፈጣኖቹን ብቻ ስለሚያሰልፍ ልጄ አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ይመለሳል። አሠልጣኙን ማነጋገር ተገቢ ነውን? ወይስ በዚህ ዕድሜ ማሸነፍን መልመዳቸው ይሻላል?

መልስ፦ ማነጋገሩ ተገቢ ነው፤ ጊዜውን ግን ይምረጡ። በጨዋታ መካከልና ጨዋታው እንዳለቀ የሚደረግ ንግግር ወደ ክርክር ያመራል፤ በሌላ ቀን ለብቻቸው፣ ልጁ በሌለበት ያናግሯቸው። «ልጄ ለምን አይሰለፍም» ከማለት ይልቅ «ጊዜው ለሁሉም ልጆች እንዴት ቢከፋፈል ይሻላል» ብሎ መጀመር መልስ የማግኘት ዕድልን ያሰፋል፤ ሥራውን ከደመወዝ ውጭ የሚሠሩ ከሆነም መጀመሪያ ማመስገን አይጎዳም።

በጉዳዩ ላይ ያለን አቋም ግልጽ ነው። በዘጠኝ ዓመት ተሰጥኦ የሚመስለው ነገር ብዙውን ጊዜ የልደት ቀን ነው። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ በመጨረሻው ወር ከተወለደው አንድ ዓመት ያህል ይበልጣል፤ ይህም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከኖረበት ዕድሜ አንድ ዘጠነኛው ነው። ታላቁ ይረዝማል፣ ይፈጥናል፣ ይሰለፋል፤ ስለተሰለፈም ይበልጥ ይማራል፤ ታናሹ ተቀምጦ ሲያይ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። የስፖርት ተመራማሪዎች ይህን ዝንባሌ በብዙ የስፖርት ዓይነቶች አስተውለውታል። ዘግይቶ የሚያድገው ልጅ ቁመቱን በሚያገኝበት ጊዜ በስፖርቱ ውስጥ ካልተገኘ፣ ቡድኑ በዘጠኝ ዓመት ያገኘው ዋንጫ ያንን ኪሳራ አይክስም።

ለአሠልጣኙ ሊያቀርቡላቸው የሚችሉት አሠራርም ቀላል ነው። ጨዋታው በአራት ክፍለ ጊዜ ከተከፈለና በእያንዳንዱ አምስት ልጆች ከገቡ በጠቅላላው 20 ቦታ ይኖራል። አሥር ልጆች ካሉ እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይጫወታሉ። ስምንት ከሆኑ አራቱ ሦስት፣ አራቱ ደግሞ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ በሚቀጥለው ጨዋታ ዕጣው ይገለበጣል። ወሳኙ ነገር ዝርዝሩ ከጨዋታው በፊት በወረቀት መጻፉ ነው፤ ውጤቱ ሲጠብብ በጭንቅላት የተያዘ ዕቅድ ሁሉ ይረሳል። ከቦታ አመዳደብ አንጻርም ረጅሙ ልጅ ሁልጊዜ ከቅርጫቱ ሥር እንዲቆም አይፈረድበት፤ ዛሬ ረጅም የሆነው በ15 ዓመቱ መካከለኛ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኳስ ይዞ መሄድ ካልተማረ ቡድኑ ውስጥ የሚሆነው ቦታ ያጣል።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጆች ቡድኔ የዞን መከላከልን በደንብ ስለተለማመደ ተጋጣሚዎቻችን ሊያስቆጥሩብን አልቻሉም። አንዳንድ አሠልጣኞች ግን ይህን «ለልጆች አይሆንም» እያሉ ይነቅፉኛል። ሕግ እስካልጣስኩ ድረስ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ዞኑ፣ ማለትም እያንዳንዱ ልጅ አንድን ተጋጣሚ ሳይሆን የሜዳውን አንድ ክፍል የሚጠብቅበት አሠራር፣ ለምን እንደሠራልዎት ይጠይቁ። አምስት ልጆች በቅርጫቱ ዙሪያ ተሰብስበው ሲቆሙ የሚሸነፉት በሁለት ነገር ነው፤ ከርቀት በሚገባ ውርወራና ከሜዳው አንድ ጎን ወደ ሌላው በሚሻገር ፈጣን ቅብብል። የአሥር ዓመት ልጅ ክንድ ሁለቱንም ገና አይችልም። ስለዚህ ቡድንዎ የሚያሸንፈው የተጋጣሚው ጡንቻ ገና ስላልጠነከረ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ጥቅም ሲጠፋ የእርስዎ ልጆች አንድን አጥቂ ፊት ለፊት መጠበቅን፣ ያመለጠን ልጅ መሸፈንን፣ ከጓደኛ ጋር በድምፅ መነጋገርን ሳይማሩ ይገኛሉ። በዚህም ምክንያት የኤንቢኤና የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር የጋራ መመሪያ እስከ 11 ዓመት ድረስ ሰው በሰው መከላከልን ብቻ ይፈቅዳል። ሙሉ ሜዳውን እየሸፈኑ ጫና መፍጠርንም ከዚሁ ጋር ይተዉት፤ ኳሱን መሐል ሜዳ ማሻገር ያቃተው ቡድን በዚያ ቀን ምንም አልተማረም፤ የእርስዎም ልጆች ቢሆኑ ከመንጠቅና ከቅርጫቱ ሥር ከማስቆጠር ሌላ የሠሩት የለም። ውጤቱ እጅግ ሲሰፋ ደግሞ የእያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ነጥብ ከዜሮ ጀምሮ ለብቻው መቁጠር በአንዳንድ የልጆች ውድድሮች የሚሠራበት ዘዴ ስለሆነ ከሌሎቹ አሠልጣኞች ጋር ሊስማሙበት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሴትና ወንድ ልጆችን አንድ ላይ ማሠልጠን ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ሚኒ ባስኬትቦልም ለሁለቱም የተዘጋጀ ነው። ጉርምስና ከመጀመሩ በፊት በኃይልና በፍጥነት ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው። ሊጠብቁት የሚገባው ኳሱ ለሴቶቹ መድረሱን ነው፤ ካልደረሰ ማንጠር የሌለበት ጨዋታ እዚህም ይረዳል። ሴቶች ብቻ የሚለማመዱበት ሰዓት ቢጨመር የሚመርጡ ልጆች አሉና ይጠይቋቸው።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። ከማሠለጥናቸው ልጆች መካከል የ10 ዓመቷ ልጅ ተረከዟን፣ የ12 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ እንደሚያማቸው ይናገራሉ። ሁለቱም የወደቁበት ወይም የተመቱበት ጊዜ የለም። ልምምዱን ይቀጥሉ?

መልስ፦ እኛ በደብዳቤ ምርመራ ማድረግ ስለማንችል ሁለቱም በሐኪም ይታዩ። የሚገልጹት ስሜት ግን በእድገት ላይ ባሉና ደጋግመው በሚዘሉ ልጆች ዘንድ የተለመደ ነው። የልጅ አጥንት በጫፎቹ አካባቢ ገና ያልጠነከረ የእድገት ክፍል አለው፤ ትልቁ የባት ጅማት ተረከዝ ላይ፣ የጭን ፊት ጡንቻ ጅማት ደግሞ ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ላይ ይህን ክፍል ደጋግሞ ሲጎትተው ይቆጣል። ሐኪሞች የተረከዙን ሴቨር፣ የጉልበቱን ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል። ሁለቱም በአብዛኛው በዕረፍትና በጊዜ የሚሻሉ ናቸው፤ «ቻለው» እየተባለ የሚዘለልበት ሕመም ግን ይራዘማል። እስኪታዩ ድረስ ዝላይንና ሩጫን አቁመው ቆሞ በመወርወርና በመቀባበል ይሳተፉ፤ ያም ካመማቸው ይረፉ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም ማነከስ ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮችን እናክል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ልጅ ካረፈ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ስብራት ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ይየው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገረ፣ ያዞረው፣ ያስመለሰው ወይም ራሱን ያመመው ልጅ ደግሞ ምንም ቢለምን በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም፤ በሐኪም ታይቶ እስኪፈቀድለት ድረስም አይጫወትም።

ጥያቄ፦ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር የልጆች ቅርጫት ኳስ ፕሮግራም ልንጀምር ነው። ሜዳና ኳስ አግኝተናል። ከዚህ ሌላ ምን መሟላት አለበት?

መልስ፦ ወረቀትና ሕግ። ለእያንዳንዱ ልጅ ስምና ዕድሜው፣ የሁለት ተጠሪዎች ስልክ፣ አስም፣ አለርጂ ወይም የሚጥል በሽታ ካለበትም እርሱ የተጻፈበት፣ ወላጅ የፈረመበት ቅጽ ይኑራችሁ፤ ቅጹ ቤት ተቀምጦ አይረዳም፣ በየልምምዱ ሜዳ ይምጣ። አስም ያለበት ልጅ የሚነፋውን መድኃኒት ሳይይዝ እንዳይሮጥ ተቆጣጠሩ። ልጁን ማን ሊወስደው እንደሚችል በስም ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ሰው አጎቱ ነኝ ቢልም ለወላጅ ሳይደወል ልጅ አይሰጠው።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ግን የአዋቂዎቹን ጉዳይ ነው። ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚመጣ ማንኛውም ሰው፣ የቅርብ ጓደኛችሁ ቢሆንም እንኳ፣ ከዚህ በፊት የት እንደሠራ ተጠይቆ ይጣራ። በልምምድ ላይ ዘወትር ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ይገኙ፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል፣ በልብስ መቀየሪያ ወይም በመኪና ውስጥ ብቻውን አይሁን። ለልጅ የሚላክ መልእክት በወላጅ ስልክ ይላክ፤ የልጆች ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍ። ወላጅ ሳይመጣ የዘገየበት ልጅ ሲኖር ሁለቱ አዋቂዎች እስከ መጨረሻው አብረው ይቆዩ። እነዚህን ሕጎች በመጀመሪያው ቀን ለወላጆች አንብቡላቸው፤ ሕጉን የሚያውቅ ወላጅ ሲጣስ ያያል፣ ይናገራልም።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ቅርጫት ኳስን እጅግ ይወዳል። በሳምንት አምስት ቀን ልምምድ እንዲያደርግና ሌሎቹን ስፖርቶች እንዲተው አሠልጣኙ መክሮኛል። አሁን ካልጀመረ ይዘገይበታል ይለኛል።

መልስ፦ አይዘገይበትም። ሁለት የኤንቢኤ ስመ ጥር ተጫዋቾችን እንመልከት። ሀኪም ኦላጁዋን ሌጎስ ውስጥ እግር ኳስና እጅ ኳስ ሲጫወት አድጎ ቅርጫት ኳስን የጀመረው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። ቲም ደንከን ደግሞ ዋናተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 አውሎ ነፋስ ባደገበት ደሴት የነበረውን የመዋኛ ገንዳ ካፈረሰው በኋላ ነው ወደ ቅርጫት ኳስ የዞረው። እነዚህ ሁለቱ ልዩ ሰዎች ስለሆኑ በእነርሱ ብቻ መመዘን አይገባም፤ ሆኖም ኤንቢኤና የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት መመሪያ ልጆች ቢያንስ 14 ዓመት እስኪሆናቸው በአንድ ስፖርት ብቻ እንዳይወሰኑ መክረዋል። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ዓመቱን ሙሉ መደጋገም ከላይ የገለጽናቸውን የጉልበትና የተረከዝ ሕመሞች ይጋብዛል፤ መሰላቸትንም እንዲሁ።

ልጁ በራሱ ፈቃድ በደጅ ኳስ ሲያነጥር ቢውል አይከልክሉት፤ ያ በአሠልጣኝ ከሚመራ ልምምድ ጋር አንድ አይደለም፤ ሲደክመው ያቆማል። የተደራጀውን ልምምድ ግን ለዚህ ዕድሜ ያው መመሪያ በሚመክረው መሠረት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱንም ከ45 እስከ 75 ደቂቃ ይወስኑት። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ከማንኛውም የተደራጀ ስፖርት ይረፍ፤ በዓመት ውስጥም ቅርጫት ኳስ የሌለባቸው ወራት ይኑሩት። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልገው፣ ልምምዱ ከእንቅልፉ የሚወስድበት ከሆነ የሚቀነሰው ልምምዱ ይሁን።